ፕሮግራሙ ሳይነሳ ስህተቱን የሚይዘው ኮምፓይለር

ኮምፓይለር ፕሮግራመር የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጣል። በሲ ፕላስ ፕላስ ግን ሌላም ሥራ አለው፤ የኮዱን አንዳንድ ክፍል ገና ኮምፓይል እያደረገ ሳለ ራሱ አስልቶ ውጤቱን ያስቀምጣል። ጥብቅ መርማሪ የሚሆነውም ያን ጊዜ ነው።

የሚይዘው ስህተት ፕሮግራመሮች አንዴፋይንድ ቢሄቪየር የሚሉትን፣ የቋንቋው ደንብ ውጤቱን ያልደነገገለትን ድርጊት ነው። አሥር ቦታ ባለው አሬይ አሥራ አንደኛውን ማንበብ፣ በዜሮ ማካፈል፣ አሉታዊ ቁጥርንም የሚይዝ ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር ሊይዘው በሚችለው ትልቁ ቁጥር በ2147483647 ላይ 1 መደመር ከዚህ ይመደባሉ። ፕሮግራሙ ሥራ ላይ እያለ ይህ ቢደርስ ኮምፓይለሩ የማስጠንቀቅ ግዴታ የለበትም። እንዲያውም ፈጽሞ አይደርስም ብሎ ስለሚነሳ፣ ኮዱን ለማፍጠን ሲል ፕሮግራመሩ ለጥንቃቄ ያስገባውን ፍተሻ ሊሰርዝ ይችላል። ስህተቱ ለወራት ተደብቆ ቆይቶ መረጃ ሊያበላሽ ወይም ለሰርጎ ገቦች መንገድ ሊከፍት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የቋንቋው ስታንዳርድ፣ ኮምፓይል ሲደረግ ማስላትን የሚፈቅደውን «ኮንስትኤክስፐር» የተባለውን ቁልፍ ቃል አመጣ። የኮንስትኤክስፐር ቫሪያብል ዋጋ ሲሰላ እንዲህ ያለ የቋንቋ ጥሰት ከተገኘ ኮዱ አያልፍም። ጂሲሲና ክላንግ የተባሉት ኮምፓይለሮች ጥሰቱ የተፈጸመበትን መስመርና ምክንያቱን ጭምር ይናገራሉ። በ2014 ሉፕ፣ በ2020 ደግሞ ሜሞሪ እየተጠየቀ የሚሠራ ስሌት ተፈቀደ፤ የተወሰደው ሜሞሪ ስሌቱ ሳያልቅ ካልተመለሰ ግን ስህተት ነው።

ኮምፓይለሩ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ኮዱን ደረጃ በደረጃ ራሱ ስለሚያስኬደው ነው። እያንዳንዱ ፖይንተር የትኛውን ዕቃ እንደሚያመለክት፣ የዕቃው ወሰን የት እንደሆነ፣ ዕድሜው ማብቃት አለማብቃቱን፣ ዋጋ ተሰጥቶት እንደሆነ ይመዘግባል። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ለስሌቱ የእርምጃ ገደብ ይደረግለታል።

ምርመራው ወሰን አለው። የሚያየው በተሰጠው ግብዓት የተኬደበትን መንገድ ብቻ ነው፤ ተጠቃሚ የሚያስገባውን ወይም ከኔትወርክ የሚመጣውን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ለዚያ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚከታተሉት ሳኒታይዘሮች ያስፈልጋሉ። ፈንክሽንን ኮንስትኤክስፐር ብሎ መሰየም ብቻውንም አይበቃም፤ ፕሮግራሙ ሥራ ላይ እያለ ከተጠራ ይህ ጥበቃ የለውም።

ስለዚህ በሲ ፕላስ ፕላስ የምትሠሩ ሁሉ፣ ለዚህ የሚመቹ ፈንክሽኖቻችሁን ኮንስትኤክስፐር አድርጓቸው፤ ኮምፓይል ሲደረግ ውጤትን በሚፈትሸው «ስታቲክ አሰርት» ፈትኗቸው፤ አስቸጋሪ የሆኑትን የዳር ቁጥሮችም ስጧቸው። ኮዱ ኮምፓይል በተደረገ ቁጥር ፈተናው ይደገማል፤ የተያዘው ስህተትም ተጠቃሚው ዘንድ አይደርስም።