ቂንጬና ፓስቲ፦ የደጋው ቁርስ ቤት

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ከተሞች «ቁርስ ቤት» ወይም በተለምዶ «ሻይ ቤት» የሚባለው፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረውበት ከማለዳ ጀምሮ ሻይና ትኩስ ምግብ የሚሸጥበት ትንሽ ቤት ነው። ገበሬው በየቤቱ በሶ በጥብጦ፣ ቆሎ ቆርጥሞ ወይም ያደረ እንጀራ ቀምሶ ስለሚሰማራ፣ የቁርስ ቤት ዋነኛ ደንበኛ ከጓዳው የራቀ ሰው፣ ማለትም ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ የቀን ሠራተኛውና ቤት ተከራይቶ የሚማረው ተማሪ ነው።

መሐል ሜዳን የመሰሉት የመንዝ ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ በመሆናቸውና ብርዱ ለጤፍ ስለማይመች፣ የአገሩ ዋና እህል ገብስ ነው፤ ከገብስ ቁርሶች ደግሞ ለቁርስ ቤት የሚስማማው ቂንጬ ነው። ቂንጬ ለመሥራት ገብሱ በጥቂት ውሃ ረጠብ ተደርጎ በሙቀጫ ይፈተጋል፣ ይኸውም ፍሬው ሳይደቅ ገለባው እስኪላቀቅ ድረስ ይወቀጣል፤ ከተበጠረና ከደረቀ በኋላም በወፍጮ ይሸረከታል፣ ማለትም ሳይልም ይሰባበራል። የሙያው ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከሽርክቱ ዱቄቱ በወንፊት ካልወጣለት ድስቱ ውስጥ ተጣብቆ ወደ ገንፎነት ያደላልና። ጨው የገባበት ውሃ ሲፈላ ሽርክቱ ይጨመርና ውሃውን መጥጦ እስኪጨርስ በዝግታ ይበስላል፤ በመጨረሻም የተነጠረ ቅቤ ይለወስበታል። ጥሩ ቂንጬ በማንኪያ ሲነሳ ፍሬው ከፍሬው የሚለያይ፣ ሲታኘክ ግን ጥርስን የማያስቸግር ነው።

ፓስቲ የሌላ ታሪክ ልጅ ነው። ስሙ፣ እንደ ቦምቦሊኖ ሁሉ፣ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ የሚሠራውም ከፋብሪካ የስንዴ ዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ ነው። ሊጡ ከዳቦ ሊጥ ላላ ብሎ ከቦካ በኋላ፣ ዘይት በተቀባ እጅ ተጎትቶ ይሳሳና የጋለ ዘይት ውስጥ ይገባል፤ ወዲያውም በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ እንፋሎት ስለሚለወጥ ገላው እየተነፋ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በቻይና የሰፈር ቁርስ ቤቶች «ዮውትያው» የሚባለውና ሁለት የሊጥ ዘንግ ተጣብቆ የሚጠበስበት ምግብ የዚሁ ብልሃት ውጤት ነው፤ ልዩነቱ ቻይናዎቹ ከአኩሪ አተር ወተት ወይም ከሩዝ አጥሚት ጋር ሲበሉት፣ የመንዝ ሰው ቀረፋና ቅርንፉድ ከገባበት፣ ስኳሩም ከማይቆጠብ ሻይ ጋር መብላቱ ነው። «ሻይ» የሚለው ቃል ራሱ ምንጩ ቻይንኛ መሆኑን ማስታወስ እዚህ ላይ ያለቦታው አይሆንም።

ወደ መርሐቤቴ ሲወረድ አየሩ ስለሚሞቅና ጤፍ ስለሚበቅል፣ በዚያ ባለችው የዓለም ከተማ ቁርስ ቤቶች የጤፍ እንጀራ ፍርፍር ቦታ ያገኛል።

ጾም ሲገባ የሁለቱ ምግቦች ዕጣ ይለያያል። ቂንጬ ቅቤውን በዘይት መለወጥ ግድ ሲለው፣ ፓስቲ ግን ወተትም እንቁላልም የሌለው ስለሆነ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት እንዳለ ይዘልቃል፤ ሆኖም አጥብቆ የሚጾመው ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማይቀምስ፣ በዚያ ወቅት የፓስቲው ዘይት የሚጣደው ከማለዳው ይልቅ ከቅዳሴ በኋላ ነው።