ያገለገለ መቅዘፊያ ስንገዛ ምን እንመልከት?

በዛሬው ዝግጅታችን የአንድ አባት ጥያቄ እንመልሳለን። ልጃቸው በዕብራይስጥ ጾፌ ያም ከሚባሉት የባሕር ስካውቶች ጋር የጀልባ ትምህርት ጀምሯል። አባትየውም ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው አንዲት አሮጌ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝተዋል። ጀልባዋ ሸራም ምሰሶም አላት፤ መቅዘፊያ ግን የላትም። «አዲሱ ውድ ሆነብን። ያገለገለ ከየት እናገኛለን? ደግሞስ ሸራ ካለ መቅዘፊያ ምን ያደርጋል?» ይላሉ።

ከመጨረሻው እንጀምር። ሸራ የሚሠራው ነፋስ ሲኖር ነው። ነፋሱ ጸጥ ካለ ሞተር የሌላት ጀልባ መሐል ውኃ ላይ ትቀራለች፤ የውኃው ፍሰትም ወደፈለገበት ይወስዳታል። ገመድ ቢበጠስ ወይም ሸራው ቢቀደድም እንዲሁ ነው። በዚያን ጊዜ ሸራውን አውርዶ ቤተሰቡን ወደ ዳር የሚመልሰው መቅዘፊያ ነው። ስለዚህ መቅዘፊያ ትርፍ ዕቃ ሳይሆን የመመለሻ መንገድ ነው። በርካሽ ይገኝ ብለን የማይሆነውን ብንገዛ ግን እንደሌለን ይቆጠራል።

ከጣና ሐይቅ አካባቢ የመጣችሁ ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ ታውቃላችሁ። የታንኳ ቀዛፊ ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ፣ መቅዘፊያውን በሁለት እጁ ይዞ ይቀዝፋል። የጀልባ መቅዘፊያ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ሁለቱም በጀልባዋ ጠርዝ ላይ በተተከለ ሹካ መሰል ብረት ላይ አርፈው ይዞራሉ። ቀዛፊውም ጀርባውን ወደሚሄድበት ሰጥቶ ይቀመጥና ወደ ራሱ ይስባል። በዕብራይስጥ ሁለቱም ዓይነት ማሾት ይባላል። እንዲያው ማሾት ፈልጌ ነበር ብትሉ በሁለቱም ጫፍ ጠፍጣፋ የሆነውን የካያክ መቅዘፊያ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ስለዚህ በሹካ ላይ የሚያርፍ ጥንድ መፈለጋችሁን ግልጽ አድርጋችሁ ንገሩ።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ጀልባዋን ለኩ። በግራና በቀኝ ባሉት ሹካዎች መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ውሰዱ። የዚያን ግማሽ ያዙና 5 ሴንቲ ሜትር ጨምሩበት። ያገኛችሁትን ለ7 አካፍላችሁ በ25 ብታባዙት የመቅዘፊያው ርዝመት ይወጣል። ለምሳሌ ርቀቱ 120 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግማሹ 60 ነው፤ 5 ሲጨመር 65 ይሆናል። 65 ለ7 ተካፍሎ በ25 ሲባዛ 232 ገደማ ነው። እንግዲህ የሚያስፈልጋችሁ 2 ሜትር ከ30 አካባቢ ነው። ርቀቱ 140 ከሆነ ደግሞ 2 ሜትር ከ68 ገደማ ይሆናል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ችግር የለም። በጣም ካጠረ ግን ብዙ ደክማችሁ ጥቂት ትሄዳላችሁ፤ በጣም ከረዘመ ክንድ ይሰብራል፣ ጀልባ ውስጥም ማስቀመጫ ያሳጣል።

ወደ ፍለጋው እንሂድ። ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው በያፎ የሚገኘውን ሹክ ሃፒሽፔሺም ነው። እዚያ መቅዘፊያ ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ለግድግዳ ጌጥ የሚሸጥ ስለሆነ ፀሐይ ያደረቀው፣ ጥንዱም የጠፋበት ሊሆን ይችላል። የሚሻለው ጀልባ ወዳለበት መሄድ ነው፤ በያፎና በአኮ የዓሣ አጥማጆች ወደቦች፣ በሐይፋ በቂሾን፣ በአሽዶድና በአሽቀሎን ማሪናዎች፣ በኪኔሬትም ዳር በጥብርያ። ጀልባ የሚጠግኑትን ሠራተኞች ጠይቁ፤ ጀልባው ፈርሶ መቅዘፊያው የቀረ ሰው እነሱ ያውቃሉ። የልጁንም አስተማሪ ማማከር ጥሩ ነው። ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት በያድ 2 የኢንተርኔት ገጽም መፈለግ ይቻላል፤ ነገር ግን በዓይናችሁ ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ። በያርቆን ወንዝ ላይ ለእሽቅድምድም የሚያገለግለው ረጅምና ቀላል መቅዘፊያ ርካሽ ቢሆንም ይለፋችሁ፤ ለሰፊ ጀልባና ለተራ ሹካ አልተሠራም።

መቅዘፊያው ሲቀርብላችሁ ሳትቸኩሉ መርምሩ። በመጀመሪያ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሙና እኩል መሆናቸውን እዩ፤ በክብደትም ይመዛዘኑ። ቀጥሎ እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ በዘንጉ ላይ ተመልከቱ፤ የተጣመመውን አትውሰዱ። ከዚያም ሁለቱን ጫፍ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ አሳርፉና መሐሉን በእጃችሁ ተጫኑ። ጥቂት ይለመጣል፤ የመሰንጠቅ ድምፅ ካሰማ ግን ተዉት። እንጨት በሚበሰብስበት ቦታ፣ ማለትም በጠፍጣፋው ጫፍና ዘንጉ ሹካው ላይ በሚያርፍበት በቆዳው ጥምጥም ሥር፣ በጥፍር ወይም በቢላ ጫፍ ጫን በሉ። ለስላሳ ከሆነ በስብሷል። አዲስ ቀለም የተቀባ መቅዘፊያ አያታልላችሁ፤ ቀለም ስንጥቅ ይሸፍናል። በመጨረሻም የዘንጉ ውፍረት በሹካችሁ ውስጥ የሚገባ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሹካውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ይመረጣል።

ቀለም መላላጥና የቆዳ ማለቅ ግን ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መተዊያ ምክንያት አይደሉም። በቤት ይጠገናሉ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ የባሕር ዕቃ የሚቀባበትን ቫርኒሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ በየመሐሉ ይድረቅ። እጀታውን ግን አትቀቡ፤ የተቀባ እጀታ ያንሸራትታል፣ እጅም ያቆስላል። ሹካው ሲተከል አጭር ብሎን አይበቃውም፤ እንጨቱን አልፎ ከሥር በዳዶ የሚታሰር የማይዝግ ብሎን ይሁን። ቦታውም ከመቀመጫው የኋላ ጠርዝ ወደ ጀልባዋ ኋላ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ደርሰናል። መቅዘፊያ ነፋስ ሲቆም ያድናል፤ ብርቱ ነፋስን ግን አያሸንፍም። በትንሽ ጀልባ ስንቀዝፍ የምንሄደው ሰው ዝግ ብሎ በእግሩ እንደሚሄደው ያህል ነው። በኪኔሬት በበጋ ጠዋት ውኃው እንደ መስታወት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ግን ከምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ ይነሣና ከጥብርያ በኩል የወጣውን ወደ መሐል ይገፋል። በትልቁ ባሕር ደግሞ የሚያሳስተው የምሥራቅ ነፋስ ነው። ከየብስ ስለሚነፍስ ከዳር ሆነው ሲያዩት ባሕሩ ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ከዳር የራቀችውን ጀልባ ግን ይዟት ይሄዳል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የአየሩን ሁኔታ ስሙ። ትልቅም ትንሽም ሐጎራት ሃጻላ የሚባለውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበስ። የምትመለሱበትንም ሰዓት ለቤት ሰው ንገሩ። ጀልባዋ መመዝገብና የሚነዳት ሰው ፈቃድ ማውጣት ያስፈልገው እንደሆነም አስቀድማችሁ ከመርከቦችና ወደቦች ባለሥልጣን ጠይቁ።

ለእኚህ አባት የምንላቸው ይህ ነው፦ መቅዘፊያውን ባገኙ ቀን ወደ ጥልቅ ውኃ አይውጡ። ወገብ በሚደርስ ውኃ ዳር ዳሩን ሸራውን አውርደው ቀለል ባለ ነፋስ ላይ ፊት ለፊት ይቅዘፉ። ልጅዎም ይሞክር፤ አባት ቢደክም ልጅ የሚመልስበት ቀን ሊኖር ይችላልና። ከሸራው በፊት መቅዘፊያውን የለመደ ቤተሰብ ነፋሱ ሲቆም አይደነግጥም።