በዓል የሚጨናነቅበት ወር

በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ብቻውን አምስት ሥራ የሚዘጋባቸው በዓላትን ተሸክሞ ነበር። ስቅለት በ14፣ ፋሲካ በ16፣ የላብ አደሮች ቀን በ23፣ ኢድ አልፈጥር በማግስቱ፣ የአርበኞች የድል በዓል ደግሞ በ27 ዋለ። የወር ደመወዝተኛው እንዴት እንደተወጣው እሱ ያውቃል።

ሚያዝያን እንዲህ የሚያጣብበው ሦስት የቀን አቆጣጠር በላዩ መገናኘቱ ነው። አንዱ ቀኑ የማይነቃነቅ ነው፤ ጊዮርጊስ በ23፣ አርበኞች በ27። ሁለተኛው የባሕረ ሐሳብ ስሌት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ትሰጠዋለች። በዚህ ስሌት ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። ከተፈቀዱት 35 ቀኖች ሠላሳዎቹ የሚያዝያ ስለሆኑ ፋሲካ ከዚህ ወር የሚወጣው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ሦስተኛው ጨረቃ ነው፤ የሙስሊሙ በዓል በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳበ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳል።

ወሩን በአንድ ጊዜ በሁለት መልኩ ለማየት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጣርማ በር ላይ መቆም ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከዚህ ጫፍ በስተምዕራብ የወረደ ዝናብ ወደ ዓባይ፣ በስተምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሚያዝያ ላይ በመንዝ በኩል ብርድና ጉም ነው፤ የበልግ ገብስ ያለው ገበሬ ሰማይ ሰማይ ያያል። መንገዱ በደብረ ሲና ተጠማዝዞ ይፋት ቆላ ሲወርድ ጋቢው ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናትና ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ደጋው በብዛት ክርስቲያን ነው፤ ቆላው ላይ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀላቅሎ ይኖራል።

ስለዚህ እዚህ በዓሉን የሚቀድመው ጾም የጋራ የሚሆንበት ዓመት አለ። በ2014 ረመዳን የገባው ሁዳዴ ሳይፈታ ነበር፤ በ2015ም እንዲሁ። በእነዚያ ሳምንታት አንዱ ጎረቤት ሥጋና ወተት ትቷል፣ ሌላው እስከ መግሪብ ውኃም አይቀምስም። በቆላ ፀሐይ ውኃ ሳይጠጡ መዋል ከባዱ ጾም ነው ብል የሁዳዴ ጾመኞች የሚቆጡኝ አይመስለኝም፤ የእነሱ ደግሞ 55 ቀን ነው። በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ይቀቀላል፣ ዓርብ ሲሰገድ ይዋላል፣ ቅዳሜ ካህናቱ ቄጤማ ያድላሉ፣ ሌሊቱን ዶሮ ወጡ ይጠብቃል። በ2015 ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ኢድ ሚያዝያ 13 ስለዋሉ አንዱ ቤት ድግሱ ሳያልቅ ሌላው ቤት ጀመረ።

ሚያዝያ 27 ግን ምግብ የለውም። ዶሮ አይታረድበትም፣ ልጆች አዲስ ልብስ አይለብሱበትም። ብዙ ሰው የሚያውቀው አዲስ አበባ አራት ኪሎ፣ በስሙ በተጠራው አደባባይ፣ አርበኞች ሜዳሊያቸውን ደርድረው ሲሰለፉ በቴሌቪዥን አይቶ ነው። ለእኔ ከወሩ በዓላት ሁሉ ለጣርማ በር የሚቀርበው እሱ ነው።

በ1928 የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው በዚሁ በሚያዝያ ነበር። ከ1,700 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ይዞ የመጣው ሠልፍ ጣርማ በር ሲደርስ መንገዱ በፈንጂ ተንዶ ጠበቀው። በስዊድናዊው ሻምበል ታም የሚመሩ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ወደዚህ በር ተልከው ነበር። እነዚያ ወጣቶች ታንክና አውሮፕላን ያለውን ጦር ሊመልሱት አይችሉም ነበር፤ ጠላት ግን መንገዱን እስኪጠግን ለመቆም ተገደደ። ሚያዝያ 26 ደግሞ አርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ጫጫ ላይ አደጋ ጣለበት። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 27፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዛሬ በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ።

ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ። ቀኑ ታስቦበት የተመረጠ ነው፤ ከተማይቱ ከጣሊያን የተለቀቀችው ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 28 ነበርና። ደርግ ይህን ይዞ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ የንጉሡ መግቢያ የሕዝብ ድል ሊባል አይገባም ነው ነገሩ። ክርክሩ ውኃ የሚያነሳ ነው። ሆኖም መጋቢት 28 የእንግሊዝ ጦር የገባበት ቀን እንጂ የእነ አርበኛው ራስ አበበ አረጋይ ቀን አይደለም። በመንዝና በተጉለት፣ በቡልጋና በይፋት አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጋ አርበኛ ግን ውጊያውን የሚቆጥረው ጠላት ከገባበት ከሚያዝያ 27 ጀምሮ ነው። ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ።

ጣሊያን ጣርማ በርን በፈንጂ እንደገና እንዳይዘጋበት ይመስል ተራራውን ሰንጥቆ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ አበጀ። ዛሬም ለፋሲካም ሆነ ለኢድ ከአዲስ አበባ ወደ ይፋትና ወሎ የሚሄደው መንገደኛ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው።

የረመዳን ኢድ ለጊዜው ከሚያዝያ ወጥቷል፤ በ2017 የዋለው በመጋቢት ነው፣ ለመመለስም ሠላሳ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ወሩ ግን ባዶውን አይቀርም። ከኋላ ዐረፋ እየመጣ ነው፤ ስሌቱ ከጨረቃዋ ጋር ከተስማማ በ2020 ዓ.ም. የሚያርፈው ሚያዝያ 27 ወይም በዙሪያው ነው። ያኔ ለአርበኞች በዓል ምግብ ቢገኝለት ሙክቱ ከይፋት ቆላ መምጣቱ ነው።