ስለ ሞተሩ ማን ይጠይቅ?

ደጀን ከተማ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ቦኖ ፊት ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈው ነበር። ባለቤቶቻቸው ጥላ ፍለጋ ሄደዋል፤ ተራ የያዙት ጀሪካኖቹ ናቸው። የአንዳንዶቹ አፍ በፌስታል ተወትፏል፤ ሌሎቹ ላይ የባለቤታቸው ስም በቀለም ተጽፏል። እዚያው ድንጋይ ላይ የተቀመጡ አንዲት ጠላ ሻጭ ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰሙ፣ «በሬዲዮ የአየር ንብረት ለውጥ ነው አላችሁን። ይሁን፣ እንመን። የጉድጓዱ ሞተር ተቃጥሎ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ ግን በዓይናችን ዐይተናል። የት ደረሰ ብሎ የጠየቀልን የለም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በተካፈልኩበት ሥልጠና ሁሉ ይህ ንግግር አላስቀምጥ አለኝ። ስለ አየር ንብረትና ስለ ውሃ ጋዜጠኞችን ማሠልጠን አዲስ ነገር አይደለም። የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ በ1991 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የተፋሰሱ አገሮች ዘጋቢዎች በአንድ አዳራሽ ሲገናኙ ኖረዋል። በኋላ የኔዘርላንድሱ የውሃ ትምህርት ተቋም አይ ኤች ኢ ዴልፍት ከተመራማሪዎች ጋር አቀራረባቸው፤ በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የጋዜጠኞች መረብ ኢንፎናይል ደግሞ ለውሃ ዘገባ ገንዘብና የአርታኢ እገዛ ይሰጣል። የካይሮና የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ ጎን ለጎን ተቀምጦ ስለ አንድ ወንዝ መነጋገሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም። ሆኖም በእነዚህ ዓመታት የውሃ ዜናችን ሁሉ ወደ አንድ ግድብ፣ ወደ ሕዳሴው፣ ፈሰሰ። ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ እስከ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ምረቃ ድረስ ዓባይ ሲባል የሚታወሰን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብና 5,150 ሜጋ ዋት ሆነ። በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለ ቦኖ ግን ዜና አልሆነም።

ሆነ ከተባለም «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» በሚል ርዕስ ነው። ተረቱ ልብ ይነካል፤ ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ ግን ያሳስታል። ዓባይ ከደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ነው የሚፈሰው፤ ከዚያ ገደል ውሃ ስቦ ማውጣት ቀላል አይደለም። ምክንያቱን የሚያሳየው መንገዱ ራሱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ የጂኦሎጂ ተማሪዎች ድንጋይ የሚያነቡበት ነው፦ ከሥር አሸዋ ድንጋይ፣ በላዩ ጂፕሰም፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ እንደገና አሸዋ ድንጋይ፣ ከሁሉም በላይ ጥቁሩ ባዛልት። ክረምት የዘነበው በባዛልቱ ስንጥቅ ይሰርጋል። አፋፉ ሲቀርብ ግን የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ገደሉ ያዘነብልና በየጎኑ ምንጭ ሆኖ ይፈስሳል። ስለዚህ አፋፍ ላይ ውሃ የፈለገ ጠልቆ መቆፈር አለበት፤ የጠለቀ ጉድጓድ ሞተር ይፈልጋል፤ ሞተር መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሲቆራረጥና ከፍ ዝቅ ሲል ሞተር ይቃጠላል። ጠላ ሻጯ ያዩት የዚህን ሁሉ መጨረሻ ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ የለም አላልኩም። በሙቀቱ መጨመር ሳይንቲስቶች አይከራከሩም። የዓባይ ተፋሰስ የነገ ዝናብ ይበዛል ወይስ ይቀንሳል በሚለው ግን የአየር ንብረት ሞዴሎች አልተስማሙም፤ ይህንን ልዩነት ሳያውቅ «ዝናቡ እየጠፋ ነው» ብሎ የሚጽፍ ዘጋቢ ብዙ ነው። ሙጋና ጨሞጋ የተባሉት ወንዞች የሚነሡበት የጮቄ ተራራ ደን ተመንጥሮ በእርሻና በባሕር ዛፍ ተተክቷል፤ የበጋ ጅረት ሲደርቅ ከሰማዩ ጋር ይኼም አብሮ መጠየቅ አለበት። ሴትዮዋ አሳጥረው ነገሩኝ፦ «ዝናቡስ የእግዜር ነው። ሞተሩ ግን ሰው የገዛው፣ ሰው የሚጠግነው ነው።»

ሰው ሊጠየቅበት የሚገባውን መከራ በመዘገብ በኩል ታሪካችን መራራ ነው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሀብ ሲያልቅ የአገር ውስጥ ጋዜጦች በሳንሱር አፋቸው ተዘግቶ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ግቢ ውስጥ ቢያሳዩም ወሬው ከግቢው ብዙ አልራቀም። ለዓለም የነገረው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነው፤ «ያልታወቀው ረሀብ» የተባለው ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ያንኑ ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለአገሬው አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የኮረምን ረሀብ ለዓለም ያሰሙት ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ካሜራ ያነሣው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ናቸው። ሁለቱንም ጊዜ የራሳችንን መከራ የሰማነው ከሌላ አፍ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በዚያው ዘመን ባሳተሙት ጥናት ገበሬውን ለረሀብ የሚያጋልጠው የዝናብ መቅረት ብቻ ሳይሆን የተጫነበት ሥርዓት መሆኑን አስረድተዋል። ይህን ትምህርት በየሥልጠናው የመጀመሪያ ሰዓት ላይ ማስቀመጥ በተገባ ነበር፤ እኔ በተካፈልኩባቸው ግን የዋልታ በረዶና የፓሪስ ስምምነት ነው የሚቀድመው።

ስለ ሞተሩ ለመጠየቅ የአንድ ውሃ ነክ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ዘንድ ሄጄ ነበር። ስለ አየር ንብረት ለውጥ በደስታ፣ በሰፊው አወሩኝ። የጉድጓዱን መዝገብና የጥገናውን ውል ስጠይቅ «ይህ ከበላይ ፈቃድ ይፈልጋል» ብለው ዝም አሉ፤ ስልካቸውም ከዚያ በኋላ አልተነሣም። የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለጠያቂው በ30 ቀን ውስጥ መልስ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ እምቢ ቢባል ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። እኔ በተካፈልኩባቸው ሥልጠናዎች ይህን ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ያሳየን አልነበረም።

ዋጋውን የሚከፍሉት የታወቁ ናቸው። «ውሃ ሲመጣ ሌሊት ነው» አሉ ጠላ ሻጯ። «ልጆቹ ይተኛሉ፣ እኔ እቆማለሁ። ያለ ውሃ ጠላ አይጠመቅ፣ ያለ ጠላ ቤቴ አይቆም።» ለዘጋቢው ደግሞ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል ግጭት ውስጥ በመሆኑ፣ ወደ ቀበሌ ወጥቶ ይህን መዘገብም ከብዷል።

በ2020 ዓ.ም. አዲስ አበባ 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ታስተናግዳለች። እስከዚያ ሥልጠናው እንደሚበዛ መገመት አይከብድም። አዘጋጆቹን የምለምነው አንድ ቀኑን ብቻ ነው። ጠዋት ዘጋቢዎቹን ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን አፋፍ በእግርና በመኪና አውጥተው ድንጋዩን ያሳዩአቸው። ከሰዓት ሞተር ቤት አስገብተው ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደጠለቀ፣ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ፣ ሞተሩ መቼ እንደተገዛና ማን እንደሚጠግነው ያስጠይቁአቸው። መልስ ካጡ እዚያው ጠረጴዛ ላይ በአዋጁ መሠረት ማመልከቻ አስጽፈው፣ መዝገብ ቤት አስገብተው፣ የገቢ ቁጥሩን ያስይዙአቸው። ወጪው ከአንድ ቀን የሆቴል አዳራሽ ኪራይ ይበልጣል ብዬ አላምንም።