የቆየው ጠርሙስና አዲሱ እንግዳ

ከትልቅ ሰው ቤት ለእራት ተጠርተህ፣ የፈረንሳይ ቀይ የወይን ጠጅ ተቀድቶልህ፣ ጣዕሙ ሳይገባህ «ግሩም ነው» ብለህ ታውቃለህን? እኔ ብያለሁ። ኮሌጅ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ብርጭቆዬን ላጋምስ ስል ከሥሩ ጥቁር ነገር አይቼ «አተላ ገብቶበታል» ብል ገበታው በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የወይን ጠጅ በቀረበልኝ ቁጥር «አይስማማኝም» እያልኩ አሳለፍኩ። በኋላ መጽሐፍ ገልጬ ስመለከት ግን የተናገርኩት እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ ያየሁት አተላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀይ ወይን ልጣጭና ፍሬ ታኒን የሚባል፣ እንደ ወፍራም ሻይ አፍን የሚያደርቅ ነገር አለው። ዓመታት ሲያልፉ ታኒኑና ቀለሙ እየተያያዙ ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ሐምራዊው መልክ ወደ ሸክላ ቀለም ያዘነብላል፤ ጣዕሙም ይለሰልሳል። ይሁን እንጂ መቆየት ለሁሉም አይበጅም። አብዛኛው የወይን ጠጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ሲሆን፣ ዕድሜ የሚያሳምረው ጥቂቱን ነው። በቦርዶ አገር በ1855 እ.ኤ.አ. በአምስት ማዕረግ የተመደቡት ቀይ የወይን ጠጆች ከነዚህ ከጥቂቶቹ መካከል ናቸው።

አሁን የማስተምረው ጋምቤላ ነው። «ጋምቤላና የፈረንሳይ ወይን ምን አገናኛቸው?» ትል ይሆናል። በ1898 እ.ኤ.አ. ማርሻን የተባለው የፈረንሳይ መኮንን ከኮንጎ በኩል አፍሪካን አቋርጦ ነጭ ዓባይ ዳር ፋሾዳ ደረሰ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ጓዙ ውስጥ 1,300 ሊትር ቀይ የቦርዶ ወይን ነበረበት። በመስከረም ወር እንግሊዛዊው ኪችነር ጦሩን ይዞ ሲመጣ ሁለቱ ለጥቂት ሳይዋጉ ቀሩ፤ አንዱ ዊስኪ፣ ሌላው ሻምፓኝ ተጋበዙ። ማርሻን ዊስኪውን የጠጣው ለአገሩ ክብር ሲል እንጂ ወዶት አልነበረም። በታኅሣሥ ፋሾዳን ለቅቆ በሶባትና በባሮ ወንዝ በኩል ወደ አገራችን ገባ፤ በአዲስ አበባ አድርጎም ጅቡቲ ወረደ።

ማርሻን የማይወደውን የዋጠው ጦርነት ፊቱ ስለተደቀነ ነው። እኛስ ወዳጃችንን እራት ጠርተን የማይወደውን «ግሩም ነው» እንዲል ምን ያስገድደናል?

ባለፈው ጥር የኮሌጅ ባልንጀራዬ ትምህርቱን ጨርሶ ከፈረንሳይ ሲመለስ፣ የሃያ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሁለት የቦርዶ ጠርሙሶች ሰጠኝ። የምጋብዛቸው ጓደኞቼ ሳይሰባሰቡ ሁዳዴ ስለገባ እስከ ፋሲካ ማቆየት ግድ ሆነብኝ። የወይን ጠጅ የሚወደው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ የሆነ ጨለማ ስፍራ ነው። ጋምቤላ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ቆላ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። ስለዚህ አንዱን ጠርሙስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጥላ ውስጥ ባስቀመጥኩት የሸክላ ጋን ውስጥ አጋደምኩት። ጋን የሚያቀዘቅዘው ከገላው ላይ የሚተነው ውኃ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ለሁለተኛው ቦታ ስላልተረፈ ቁም ሣጥን ላይ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ተቀመጠ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ አምስት እንግዶች መጡ፦ ሁለት መምህራን፣ አንዲት ነርስ፣ በሃይማኖቱ ምክንያት መጠጥ የማይቀምስ አንድ የኑዌር ወዳጄ፣ እንዲሁም በቅርብ የተቀጠረ የአኙዋ ተወላጅ ጸሐፊ። ለማይጠጣው ወዳጄ የማንጎ ጭማቂ በዚያው ዓይነት ብርጭቆ ቀረበለት። በርበሬና ታኒን ስለማይስማሙ ወጡን ትቼ የበግ ጥብስ አዘጋጀሁ፤ አዋዜውን ለብቻው አኖርኩት።

አተላው እንዲዘቅጥ ጠርሙሶቹን ከዋዜማው ጀምሮ አቁሜአቸው ነበር። ቡሹን ቀስ ብዬ ነቅዬ፣ ከአንገቱ ሥር መብራት ይዤ ወደ ንጹሕ ጆግ ገለበጥኩ፤ አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቆምኩ። «ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይጠጣል» የሚባለው ለአውሮፓ ቀዝቃዛ ቤት እንጂ ለጋምቤላ አይደለምና፣ ጆጉን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቆይቼ ወደ 17 ዲግሪ ግድም አወረድኩት። በአገራችን የጠጅ አሳላፊ በመዳፉ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምስ፣ እኔም አስቀድሜ ቀመስኩ። ከጋኑ የወጣው ጠርሙስ ነበርና ለስላሳና መልካም ነበር።

ጨዋታው ሲደራ ሁለተኛውን ሳልቀምስ ቀዳሁ። ሁለቱ መምህራን «ይኸኛውማ ይበልጣል!» አሉ። ጸሐፊው ግን ብርጭቆውን አስቀምጦ ዝም አለ። ምን እንደተሰማው ብጠይቀው፦

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የፊተኛው ዝናብ የነካው መሬት ሸተተኝ። ይኸኛው ድስት ውስጥ ያረረ ፍሬ ነው የሚሸተኝ። ጥፋቱ ከአፍንጫዬ ይሆናል» አለኝ።

አሸተትኩት፤ እውነቱን ነው። ሙቀት ቀቅሎታል። አንባቢ ሆይ፣ አልዋሽህም፤ «ገና ስላልለመዱት ነው» ብዬ ክብሬን ለማዳን ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ያ የኮሌጁ ሳቅ ትዝ አለኝ።

«ጥፋቱስ ከአፍንጫዎ ሳይሆን ከቁም ሣጥኔ ነው» አልኩና ሁሉንም ደፋሁት።

መምህራኑ ሳቁ፤ የሳቁትም በራሳቸው ነው። ከዚያ በኋላ የሁሉም አንደበት ተፈታ። ነርሷ «እኔስ አፌን እንደ ሻይ አደረቀኝ» አለች። ጸሐፊው የእናቱ የማሽላ ጠላ ሲደርስና ሲያልፍበት እንዴት እንደሚለይ አስረዳን። ከመጀመሪያው ጆግ የተረፈውን ለአምስት ተካፈልነው፤ ለእያንዳንዳችን ሦስት ጉንጭ ያህል ደረሰን።

እንግዲህ የፈረንሳይ ጠርሙስ ባታገኝ አትዘን። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በዝዋይ ካቋቋመው እርሻ የሚጠመቀው ወይን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ ቀርቧል፤ ጉደርም አለልህ። ነገር ግን እንግዳ ስትጠራ አስቀድመህ ቅመስ፤ ስለ ጠርሙሱ ዋጋ አታውራ፤ እንግዳው ሳይናገርም አንተ አታመስግን። አንተም እንግዳ ስትሆን የተሰማህን በትሕትና ተናገር። ወይኑ ሃያ ዓመት ቆይቶ የመጣው እውነቱን እንዲነግሩት ነውና።