የቃሪያ መፋጀትና የማባያ ደኅንነት፦ ዳጣና አዋዜን በጉለሌ ከፍታ በቤት ውስጥ ማዘጋጀት

አኅጽሮት

እጅግ ከሚፋጅ ቃሪያ በቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ማባያ በመፋጀቱ ብቻ ከብልሽት የተጠበቀ ሊመስል ይችላል። ይህ ጽሑፍ ማባያውን የሚጠብቁት አሲድ፣ ጨውና የእርጥበት መጠን እንጂ ካፕሳይሲን አለመሆኑን ያስረዳል። ውኃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚፈላበት በጉለሌ ማፍላት የአሲድን ሥራ ሊተካ የማይችልበትን ምክንያትም ያሳያል።

መግቢያ

የቃሪያና የበርበሬ ዝርያዎች መነሻቸው አሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት ከዚያ ምድር ውጭ አይታወቁም ነበር። ዛሬ ግን የኢትዮጵያ ማዕድ ያለ እነርሱ አይታሰብም። ደረቁ በርበሬ ለወጥ፣ ጥቃቅኑና የሚለበልበው ሚጥሚጣ ለክትፎና ለጥሬ ሥጋ ይውላል። እርጥቡ ቃሪያ ደግሞ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከኮረሪማና ከጨው ጋር ተፈጭቶ ዳጣ ወይም ቆጭቆጫ ይሆናል። በአዋዜ በኩል ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ የተፈጨ ደረቅ በርበሬን በውኃ፣ በጠጅ ወይም በአረቄ መለወስ ሲሆን፣ ሌላው እርጥብ ቀይ በርበሬን ከቅመማ ቅመም ጋር ፈጭቶ ማብላላት ነው።

እነዚህ ማባያዎች የሚያመሳስላቸው አንድ ጠባይ አለ፤ ከእንጀራ ወይም ከሥጋ ጋር የሚቀርቡት ዳግመኛ እሳት ሳይነካቸው ነው። በመሆኑም በዝግጅትና በማቆያ ጊዜ የተፈጠረ ጉድለት በገበታ ላይ የሚታረምበት ዕድል የለም።

የሚፋጀው ምንድን ነው?

ቃሪያን የሚያፋጀው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። በብዛት የሚገኘው ብዙዎች እንደሚገምቱት በዘሩ ውስጥ ሳይሆን ዘሩን አቅፎ በያዘው ነጭ ሥጋ ውስጥ ነው። የመፋጀት መጠን የሚገለጽበትን መለኪያ አሜሪካዊው የመድኃኒት ባለሙያ ዊልበር ስኮቪል እ.ኤ.አ. በ1912 አስተዋወቀ። በዚህ መለኪያ ሃባኔሮ የተባለው ቃሪያ ከ100,000 እስከ 350,000፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው ፔፐር ኤክስ 2,693,000፣ ንጹሕ ካፕሳይሲን ደግሞ 16 ሚሊዮን ገደማ ያስመዘግባሉ።

ካፕሳይሲን አፍን የሚያቃጥለው ሙቀት ፈጥሮ አይደለም። በነርቭ ጫፎች ላይ ካለ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ይህ ተቀባይ በተለመደው ሁኔታ የሚነቃው ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። አንጎል በዚህ የተነሣ ሐሰተኛ የቃጠሎ መልእክት ይደርሰዋል። ተቀባዩ እ.ኤ.አ. በ1997 የታወቀ ሲሆን፣ ግኝቱን የመሩት ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የሕክምና የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር ግልጽ ነው። መፋጀት በዋነኛነት በበላተኛው ነርቭና በንጥረ ነገሩ መካከል ያለ ግንኙነት ነው፤ ባክቴሪያ ደግሞ ነርቭ የለውም። ካፕሳይሲን በቤተ ሙከራ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን ዕድገት ቢገታም፣ በማባያ ውስጥ ያለው መጠን የደኅንነት ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በፖንቲያክ ከተማ፣ በቤት ውስጥ ዘዴ በአግባቡ ሳይታሸግ በአንድ ምግብ ቤት የቀረበ ሃላፔኞ ቃሪያ 59 ሰዎችን በቦቱሊዝም መርዟል። የቃሪያው መፋጀት መርዙን አልከለከለም።

ከፍታ የሚያመጣው ችግር

ቦቱሊዝምን የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ይኖራል። ስለዚህም ከአፈር ጋር ንክኪ ያላቸው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ስፖሮቹን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ሊገቡ ይችላሉ። ስፖሮቹ በራሳቸው ለጤነኛ አዋቂ ሰው እምብዛም አያሰጉም፤ አደጋው የሚመጣው ኦክስጅን በሌለበት፣ አሲዱ ዝቅተኛ በሆነና እርጥበት ባለው ስፍራ በቅለው መርዝ ሲያመነጩ ነው። ተፈጭቶ ዘይት የለበሰ የነጭ ሽንኩርትና የቃሪያ ማባያ፣ አሲድ ካልተጨመረበትና ከማቀዝቀዣ ውጭ ከቆየ፣ ሦስቱንም ሁኔታዎች ያሟላል። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር በዘይት ውስጥ የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎችን ለዚሁ በሽታ ዳርጓል።

ማባያውን አፍልቶ ማሸግ መፍትሔ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ስፖሮቹ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውኃን ለሰዓታት ይቋቋማሉ፤ አስተማማኝ ሆኖ የሚያጠፋቸው በግፊት የሚገኝ 121 ዲግሪ ያህል ሙቀት ነው። በእንጦጦ ግርጌ ባለው ጉለሌ ችግሩ ይብሳል። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው እንደ ሽሮ ሜዳ ባሉ ሰፈሮች የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውኃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በባሕር ወለል 121 ዲግሪ የሚደርስ የግፊት ድስት እንኳ በዚህ ከፍታ ከ117 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በቆላ ወይም በባሕር ዳርቻ የተጻፈ የማፍሊያ ደቂቃ ጉለሌ ላይ እንዳለ አይሠራም።

አሲድ እንደ ዋና ጠባቂ

የክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ስፖር ፒኤቹ ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ አይበቅልም። የትኩስ ቃሪያ ፒኤች ከ5 እስከ 6፣ የነጭ ሽንኩርት ደግሞ 6 አካባቢ በመሆኑ ድብልቁ በራሱ ከዚህ ወሰን በላይ ነው። ወደ ታች ለማውረድ ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ማብላላት ነው። አዋዜና ዳጣ በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ከሚብላሉ የኢትዮጵያ ባህላዊ ምግቦች መካከል የሚመደቡ ናቸው፤ ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት የግምገማ ጽሑፍም ተካትተዋል። በአሠራሩ የታጠበው ቃሪያ ከቅመማ ቅመሙ ጋር ይፈጫል፤ ለአንድ ኪሎ ግራም ድብልቅም ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው ይጨመራል። ጨው ብዙዎቹን አበላሺ ተሕዋስያን ሲያዳክም፣ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ግን ይታገሡታል። የቃሪያውን ስኳር ወደ አሲድ ለውጠውም ፒኤቹን ያወርዱታል። ድብልቁ በንጹሕ ማሰሮ ወይም ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በራሱ ጭማቂ ሥር ተጠቅጥቆ ይቀመጣል፤ የሚፈጠረው ጋዝ እንዲወጣም ክዳኑ በጥብቅ አይዘጋም። በ20 ዲግሪ አካባቢ ሥራው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርዳማ ወቅት የጉለሌ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ሂደቱ ይዘገያል። ስለዚህም የመብላላቱ ፍጻሜ መታወቅ ያለበት በቀን ቆጠራ ሳይሆን በፒኤች ልኬት ነው።

ሁለተኛው መንገድ አሲድን በቀጥታ መጨመር ነው። 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ያለው አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ከድብልቁ ጋር በደንብ ከተዋሐደ በኋላ ፒኤቹ ይለካል። የቁርጥራጮቹ ውስጠኛ ክፍል ከፈሳሹ ዘግይቶ አሲድ ስለሚቀበል፣ 4.6 ላይ ከመቆም ይልቅ እስከ 4.0 መውረድ ይመረጣል። ቀለም የሚቀይረው የመለኪያ ወረቀት በበርበሬው ቅላት ስለሚሸፈን፣ በ4 እና በ7 ማመሳከሪያ ፈሳሾች የተስተካከለ የፒኤች ሜትር ይሻላል። ዘይት መጨመር ያለበት ከልኬቱ በኋላ ነው፤ ዘይት አሲድን አይተካም፣ አየርን ግን ይከለክላል።

አዘጋጁም ራሱን መጠበቅ ይገባዋል። ካፕሳይሲን በውኃ ስለማይሟሟና ከቆዳ በቀላሉ ስለማይለቅ ጓንት ያስፈልጋል። በሚፈጭበትና በሚፈላበት ጊዜም መስኮት መከፈት አለበት፤ ሕፃናትም መራቅ አለባቸው።

አሲድ የማይደርስበት አደጋ

ደረቅ በርበሬን መነሻ ለሚያደርግ አዋዜ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬ ሻጋታ ሊያበቅልና አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት ጎጂና ካንሰር አምጪ መርዝ ሊይዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል የታተመ፣ በአዲስ አበባ የሽሮና የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎችን የመረመረ ጥናት ከበርበሬዎቹ 13 በመቶ ገደማ በሚሆኑት መርዙን አግኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት በደረቅ በርበሬ የሚፈቅደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን በኪሎ ግራም 10 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው።

አፍላቶክሲን በተለመደ ማፍላት አይጠፋም፤ አቼቶ መጨመርም አያስተማምንም። ከተፈጨ በኋላም ሻጋታው በዓይን አይለይም። ስለሆነም ብቸኛው የቤት ውስጥ መከላከያ ዛላውን ሳይፈጭ ገዝቶ መልቀም፣ የሻገተውንና የጠቆረውን መጣል፣ የቀረውንም እስኪንኮሻኮሽ ማድረቅ ነው።

ማጠቃለያ

ማባያው ምን ያህል እንደሚፋጅ የሚናገረው ምላስ፣ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ሊናገር አይችልም። እርጥብ ቃሪያን የሚጠብቀው አሲድና ጨው፣ ደረቁን የሚጠብቀው ደግሞ ድርቀት ነው። በጉለሌ ከፍታ ማፍላት ረዳት እንጂ ምትክ አይሆንም። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚሁ ክፍለ ከተማ መገኘቱ ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች መልካም አጋጣሚ ነው። ከየቤቱ የሚሰበሰቡ የዳጣና የአዋዜ ናሙናዎችን ፒኤች፣ የጨው መጠንና የመቆያ ጊዜ በወቅት ለይቶ መለካት ከፍተኛ ወጪ የማይጠይቅ ጥናት ነው። ውጤቱም የእናቶችን የቆየ ሙያ ሳይሽር፣ በእጅ መጠን ይሠራ የነበረውን በቁጥር ለማጽናት ይረዳል።