ያውቁ ኖሯል? ስፋትና ወደር

ወርዱ የርዝመቱ ሦስት አራተኛ፣ ስፋቱ 12 የሆነ ሬክታንግል ጎኖቹ ስንት ስንት ናቸው? የዘንድሮ ፈተና ይመስላል እንጂ ከ3,800 ዓመት ገደማ በፊት ግብጽ ውስጥ ፓፒረስ ላይ የሰፈረ ጥያቄ ነው። ፓፒረሱ ዛሬ ሞስኮ በሚገኘው የፑሽኪን ሙዚየም ይገኛል። የጥንቱ ጸሐፊ ወርዱን ከርዝመቱ ጋር እኩል ለማድረግ 12ን በአንድ ከአንድ ሦስተኛ አባዛና 16 አገኘ። ስፋቱ 16 የሆነ ካሬ ጎኑ 4 ነው፤ የ4 ሦስት አራተኛ ደግሞ 3። አለቀ።

ዛሬም ተማሪዎች የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው። «የአንድ ቦታ ስፋት 150 ካሬ ሜትር፣ ርዝመቱና ወርዱ እንደ 3 ለ 2 ነው» ሲባሉ ብዙዎቹ 3 እና 2ን ደምረው 150ን ለ5 ያካፍላሉ። 30 ይወጣል፤ ጎኖቹም 90 እና 60 ይሆናሉ። የዚህ ስፋት 5,400 ካሬ ሜትር ነው! ደምሮ ማካፈል ለገንዘብ ክፍፍል ይሠራል፤ ለስፋት ግን አይሆንም። ይልቅ ሬክታንግሉን ይሳሉና ርዝመቱን 3 ቦታ፣ ወርዱን 2 ቦታ ይክፈሉት። 6 እኩል ካሬዎች ይወጣሉ። 150 ለ6 ሲካፈል 25 ነው፤ ስለዚህ የአንዷ ካሬ ጎን 5 ሜትር፣ ቦታው 15 በ10። ይህች ሥዕል በቃል ከተሸመደደ ቀመር ሁሉ ትበልጣለች።

ጎን እጥፍ ሲሆን ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል። ፕላቶን «ሜኖን» በተባለው ድርሳኑ ሶቅራጥስ አንድን ያልተማረ ብላቴና የካሬን ስፋት እጥፍ እንዲያደርግ ሲጠይቀው ያሳየናል። ብላቴናው መጀመሪያ ጎኑን እጥፍ አደረገ፤ ያገኘው ግን አራት እጥፍ ነበር። በዚሁ ምክንያት የ65 ኢንች ቴሌቪዥን ስክሪን ቅርጹ ተመሳሳይ ከሆነው የ32 ኢንች ስክሪን ከ4 እጥፍ በላይ ይሰፋል።

በ1፡50,000 ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትርስ? 25 ሄክታር።

ኤ4 ወረቀት ለሁለት ቢታጠፍ ቅርጹ አይለወጥም፤ ርዝመቱ የወርዱ 1.414 እጥፍ ገደማ እንደሆነ ይቀጥላል። ይህን ንጥጥር ጀርመናዊው ሊችተንበርግ በ1786 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በደብዳቤ አንስቶታል፤ ጀርመን በ1922 የወረቀት መለኪያዋ አደረገችው። ትልቁ ወረቀት ኤ0 ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር ነው፤ ኤ4 የዚያ 16ኛ እጅ። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ወረቀት ከሆነ አንዱ ኤ4 5 ግራም ነው፤ 500 ቅጠል የያዘ አንድ ደስጣ ደግሞ 2.5 ኪሎ። ሚዛን ሳያስፈልግ በስፋት ስሌት ብቻ ክብደት ማወቅ ያስደንቃል።

ዙሪያ እኩል ሆኖ ስፋት ሊለያይ ይችላል። በ40 ሜትር አጥር 10 በ10 ቢያጥሩ 100 ካሬ ሜትር ያገኛሉ፤ 15 በ5 ቢያጥሩ 75፤ 19 በ1 ቢያጥሩ 19 ብቻ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ፕሮክሎስ ዙሪያው ረጅም፣ ስፋቱ ግን አነስተኛ የሆነ መሬት ለባልንጀሮቻቸው እየሰጡ ስለሚያታልሉ ሰዎች ጽፏል። መሬት ሲገዙ ዙሪያውን ዞረው ብቻ አይመኑ፤ ካሬውን ያስለኩ።

ጎኖቻቸው ሙሉ ቁጥር ሆነው ስፋታቸውና ዙሪያቸው በቁጥር እኩል የሚሆኑት ሬክታንግሎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ 4 በ4 እና 3 በ6።

የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ወርዱና ርዝመቱ 1 ለ 2 ነው። ስፋቱ 4.5 ካሬ ሜትር ከሆነ ጎኖቹ ስንት ስንት ናቸው? ልጆችዎን ይጠይቋቸው፤ ሁለት ካሬ ጎን ለጎን ስለው ይጀምሩ። 1.5 በ3 ሜትር ካሉ በትክክል ገብቷቸዋል።